ፈንታ የታመመው የውሸት በሽታ

ባለፈው ክረምት ከቤት መውጣት አስጠላኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ዓይኔን አፍጥጬ አድራለሁ፣ ሰው በር ሲያንኳኳ «የለም በሉት» እላለሁ። ልጆቼ እየገፉም እየለመኑም ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጢሙ ገና በቅሎ ያልጨረሰ ወጣት ነው። «አባባ፣ ድብርት ነው» አለኝና ምክሩን ያዘንበው ጀመር፤ በጊዜ ይተኙ፣ በጊዜ ይነሡ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ፀሐይ ይሙቁ፣ አረቄውን ይተዉ፣ ከሰው ይቀላቀሉ። እኔ ደግሞ መሳቅ ጀመርኩ።

«ምነው አባባ?» አለኝ ቅር ብሎት።

«ይህን ሁሉ አክስቴ ሥራነሽ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር» አልኩት።

ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ስለነበረ ታሪኩን አልነገርኩትም። እናንተ ወረፋ የለባችሁም፤ ስለዚህ ቁጭ በሉና ስሙ።

የአክስቴ ባል ፈንታ የቁይ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበር። መልኩን ላየ ግን አዋጅ ነጋሪ አይመስልም፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ነፋስ የሚያንገዳግደው ሰው ነው። ድምፁን ከየት እንደሚያወጣው እግዜር ይወቅ። ገበያው መሐል ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ስማኝ ያገሬ ሰው!» ሲል ዋጋ የሚከራከረው ክርክሩን ያቆማል፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይላል። የሹም ትእዛዝ ቢሆን፣ የጠፋ አህያ ቢሆን፣ የሚያሰማው እሱ ነው። የጠፋች በቅሎ መልኳ ሲነገር በቅሎዋ ራሷ ሰምታ ትመጣለች ብለው የሚምሉ ነበሩ። እኔ አልምልም፤ አክስቴ ግን ትምል ነበር።

ለድምፁ ሲል ኑሮው ሁሉ በልክ ነበር። በጊዜ ይተኛል፣ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፣ ጠላ ቢቀርብለት አንድ ዋንጫ ጠጥቶ «ይበቃኛል» ይላል። ጠዋት ጠዋት በጣቱ ጫፍ ማር ይልስና ከቤቱ በታች ካለው ሸለቆ ጫፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ወዳጁን እንዳላማውን ይጣራል። ሸለቆውን ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ሁለቱ ወዳጆች ፊት ለፊት የሚገናኙት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። መጣራቱን ግን አንድ ቀን አጉድለውት አያውቁም።

«ፈንታ! አድረሃል ወይ?» ይላል እንዳላማው።

«አድሬያለሁ፣ እግዜር ይመስገን! አንተስ፣ አድረሃል ወይ?» ይላል ፈንታ።

ከዚያ በኋላ የበሬው ቁስል፣ የጤፉ አረም፣ የአማት ቁጣ ሁሉ በአየር ላይ ይወራል፤ ሁለት ቀበሌ ይሰማል። አንድ ቀን ፈንታ የአክስቴን የሆድ ቁርጠት ለማዶ ሰው ሁሉ አሰምቶባት ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። እሷ ድምፅዋ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው እንኳ በጭንቅ የሚሰማ፣ ባሏን «አንቱ» የምትል፣ በደጅ ጮኻ የማታውቅ ሴት ነበረች። ማዶ ለማዶ መጣራት ለሷ የባለጌ ሥራ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ በሠራ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ደምለው የሚባል የጣሊያን አስተርጓሚ ወረቀት ይዞ ፈንታ ቤት መጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያስረክብ፣ ያላስረከበ ቤቱ ይቃጠላል የሚል አዋጅ ነው። «ቅዳሜ ገበያ ላይ ታሰማልኛለህ» አለው።

ፈንታ እሺ አለ። እምቢ እንዳይል፣ በዚያ ወራት ሰው የሚሰቀለው በትንሽ ነገር ነበር። ቢያሰማ ደግሞ፣ አህያዬን አገኘልኝ ብሎ አገር በሚመርቀው አፉ የጎረቤቱን ቤት ሊያስቃጥል ነው። ሲብሰለሰል ሰንብቶ ዓርብ ዕለት መላ መጣለት። ሥራነሽን ጠራና በሹክሹክታ፣ «ጉሮሮዬ ተዘጋ» አላት።

«ምን በልተው ነው?» አለች ደንግጣ።

«አልተዘጋም። ሰው ሲጠይቅሽ ግን ተዘግቷል በይ።»

አንገቱን በነጠላ ጠምጥሞ መደብ ላይ ተጋደመ። ደምለው መጣና በቅሎ ሊገዛ እንደመጣ ሰው አፉን አስከፍቶ ጥርሱንም ጉሮሮውንም መረመረ። ምንም አልታየውም፤ ቢሆንም አላመነም። «ሲሻልህ እንተያያለን» ብሎት በየሳምንቱ እየመጣ ያየው ጀመር። አዋጁን ራሱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አነበበው፤ ራቅ ያለው ሰው አልሰማሁም፣ ቀረብ ያለውም አልገባኝም ብሎ ወደየቤቱ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈንታ ንጉሥ ነበር። ሰው ማር ይዞለት ይመጣል፣ ቅቤ ይዞለት ይመጣል። ጠያቂው ሲወጣለት ከሥራነሽ ጋር በሹክሹክታ እያወሩ በደምለው ይስቃሉ። በብልሃቱ እጅግ ኮርቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የውሸት በሽታ አያምም የሚል ካለ ይምጣና ከኔ ጋር ይከራከር። በሽታው ውሸት ነው፤ መተኛቱ ግን እውነት ነው፣ ጨለማ ቤት መዋሉ እውነት ነው፣ ዝምታውም እውነት ነው። ሰውነት ደግሞ ለቀልድ ነው ወይስ ለምር ብሎ አይጠይቅም።

ቀን ስለሚተኛ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ስለማይተኛ ጠዋት መነሣት አቃተው። ስላልሠራ አልራበውም፤ ስላልራበው አልበላም። ጠያቂዎቹ «ጉሮሮ ይጠርጋል» እያሉ አረቄ ያመጡለታል፤ እሱም ቀኑ እንዲያልፍለት ብቻውን ይጠጣው ጀመር። የወር ማኅበሩ ቀረ፤ ድምፅ የሌለው ሰው ማኅበር ሄዶ ምን ሊያወራ? ገላ መታጠቡም ቀረ።

ያገራችን ሰው ታማሚ ሲጠይቅ መቼም ታውቁታላችሁ። ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይገባል፣ በቀስታ ይቀመጣል፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ ከዚያ «አይ ፈንታ! ያ ድምፅ!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ቀጥሎ በጉሮሮ በሽታ ስለሞቱት አጎቱ ይተርካል። በቀን አሥር ሰው እንዲህ ካዘነለት ጤነኛ ሰውም ለራሱ ማዘን ይጀምራል። ፈንታ ያለቅስ ጀመር። ጠያቂው እንባውን ያይና በማግሥቱ ሌላ ሁለት ሰው ጨምሮ ይመጣል።

ወዳጁ መታመሙን ቢሰማም መጣራቱን ያላቋረጠ እንዳላማው ብቻ ነበር። በየማለዳው «ፈንታ! አድረሃል ወይ?» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል፣ መልስ ሲያጣ ዝም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈንታ መልሱ እንዳያመልጠው ጋቢውን በጥርሱ ይነክስ ነበር። በኋላ ግን ጋቢውን ጆሮው ላይ ጎትቶ ፊቱን ያዞራል።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠያቂ የሌለበት ሰዓት ተገኘ። ሥራነሽ በሩን ዘጋችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ማንም የለም፤ እስኪ አንድ ነገር ይበሉኝ» አለችው።

አያትና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ማንም የለም እኮ! በሩንም ዘግቼዋለሁ።»

ትከሻው እንኳ አልተነቃነቀም። አክስቴ ይህን ታሪክ ስትነግረኝ ከዳር እስከ ዳር እየሳቀች ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን አትስቅም። «ባሌን ከጣሊያን ስደብቅ ስደብቅ ከራሴም ደብቄው አረፍኩ» ትለኝ ነበር። በጣም ፈራች። ካልተነሣላት ባሏን እዚያው መደብ ላይ ልታጣው ነው። ከተነሣና ድምፁ ከተሰማ ደግሞ ደምለው ጎትቶ ድንጋዩ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በአገሩ ዓይን ታሞ መቆየት ያለበትን ሰው ማዳን ነበረባት።

የነፍስ አባቷ አባ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ሄደች። አባ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የግራ ጆሯቸውም አይሰማም። እሷ ደግሞ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት ናት። «ከፍ አድርጊው!» ሲሏት ደንግጣ በቀኛቸው ዞረችና ምሥጢሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ዋሽቷል፤ ንስሐ ይግባ» አሉ አባ።

«እሺ አባቴ። ግን በምን ይዳንልኝ?»

«ጠበል ይጠመቅ።»

«አባቴ፣ በሽታው እኮ የውሸት ነው።»

«አሁንም?»

አባ ቁጣቸው በረድ አለ። «ታማሚ ጠበል ቢሄድ ማን ይጠረጥራል? ደምለው ራሱ መንገድ ይለቅለታል። አርባ ቀን ይመላለስ። ታዲያ እዚያ ማደር የለም፤ በእግሩ ይሂድ፣ በእግሩ ይመለስ። አዘንሽለትና በቅሎ ላይ ብታወጪው አልፈታሽም!» አሏት።

ጠበሉ ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሽቅቡን ግን ባንጠይቅ ይሻላል። የመጀመሪያ ቀን ፈንታ ሰባት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሥራነሽም ሰባት ጊዜ አስነሣችው። ሲነጋጋ ደረሱ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ያለ ውኃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የተጠመቀ ያውቃል። የፈሰሰበት ሁሉ ይጮኻል። ፈንታ ግን ጥርሱን ነከሰ።

«ማን ነህ? ተናገር!» አሉ አጥማቂው ካህን፣ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው።

ፈንታ ዝም።

«ዝም የሚል ጋኔን ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው» አለች አንዲት ባልቴት፣ ከመስመሩ ኋላ ሆና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰልፈኛው ሁሉ የፈንታን ጋኔን ለመስማት ተራውን ይጠብቅ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ነው፤ ከፊቱ በቆመች ሴት ላይ የጮኸ ጋኔን «ጥቁር ዶሮ ካልሰጣችሁኝ አልወጣም!» አለ። ካህኑ ዓይናቸውን አፍጥጠው «ጾም ነው እኮ፣ አታፍርም!» ብለው ጮኹበት። ፈንታ በነጠላው አፉን አፍኖ እንደ ሳል ነገር አደረገው። ሥራነሽ ግን ከጀርባው ቆማ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። እሷም ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን የራሷን ሥራ ደግሞ ራሷ ያዘች። አረቄውን ሁሉ አጥሩ ሥር ደፋችው። ከጠበል ሲመለስ ቀን እንዳይተኛ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መደቡ ላይ አስቀመጠችበት። «ዶሮዋ ከተነሣች እንቁላሉ ይበላሻል» አለችው። ፈንታም ዶሮዋን አየ፣ ዶሮዋም እሱን አየችው፤ ከዚያ ጋቢውን ይዞ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጣ። ዶሮዋ ወደ ጎን የምትዛወረው ማታ፣ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው።

ጠያቂን መከልከል ነውር ነው፤ ስለዚህ አልከለከለችም። ለፈንታ ገመድ የሚገመድ ቃጫ ሰጠችውና ጠያቂዎቹን ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀበላቸው ጀመር። ገመድ ሲገመድ መቼም አንዱን ጫፍ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። የመጣው ጠያቂ ሳይወድ በግድ ጫፉን ይይዛል። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ከንፈር መምጠጥ አይመቸውም፤ ስለሞቱት አጎቱ ያነሣውን ትቶ ስለ ላሙ ማውራት ይጀምራል። በዚያ ጾም ፈንታ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ገመድ ገመደ።

እየዋለ እያደረ መብላት ጀመረ። ሌሊት መተኛት ጀመረ። ጉንጩ ሞላ፣ ፊቱን መታጠብ ጀመረ። ደምለው መንገድ ላይ አግኝቶት «ተሻለህ መሰለኝ» ሲለው ወደ ጉሮሮው አመልክቶ አለፈ።

ችግሩ፣ ይህስ ውሸት አልነበረም። በር ተዘግቶ ሥራነሽ ስታባብለው አፉን ይከፍታል፤ ምንም አይወጣም። እሱም ደነገጠ። አሁን አሁን እንዳላማው ሲጣራ ጋቢ አይጎትትም፤ ሸለቆው ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆሞ ይሰማዋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ፋሲካ እንዳለፈ ሥራነሽ ወደ ገበያ የምትሄድ አስመስላ ሸለቆውን ወረደችና ማዶ ወጣች። እንዳላማው እርሻው ላይ ነበር።

«አያ እንዳላማው፣ ከነገ ጀምሮ አይጥሩት» አለችው።

«ስድስት ወር ሙሉ መልስ ሳላገኝ ጠርቼዋለሁ። አሁን ጠልቼው ነው እንዲል ነው?»

«ምንም አይልም። ይተዉትና እንየው።»

በመጀመሪያው ማለዳ ፈንታ ሸለቆው ጫፍ ላይ ቆመ። ማዶ ዝም አለ። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ጠብቆ ተመለሰ። በሁለተኛው ማለዳም ማዶ ዝም አለ፤ የቀረበለትን ምሳ ሳይነካው ዋለ። በሦስተኛው ማለዳ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ዳሩ ላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጣና አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የወጣው የቆየ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። እንደገና ሞከረ።

«እንዳላማው!»

ውሾች ጮኹ። ሰው ከየቤቱ ወጣ።

«እንዳላማው ሆይ! አድረሃል ወይ?»

እንዳላማው ሦስቱንም ማለዳ ማዶ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር። «አድሬያለሁ!» አለ እየተንደረደረ ሲወጣ። «ኧረ አድሬያለሁ! አንተስ ወንድሜ፣ አድረሃል ወይ?»

«አሁን ገና አደርኩ!» አለ ፈንታ፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ።

ያንን ድምፅ ሁለት ቀበሌ ከሰማው ደምለውም ሰምቶታል። ከቀትር በፊት መልእክተኛ ላከ፤ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ይጠበቃል፣ ሁለት አዲስ አዋጅ አለ። ፈንታ መልእክተኛውን ሸኝቶ ወደ ቤት ሲገባ ሥራነሽ በሶ የሞላ ስልቻ ይዛ ቆማለች። ጋቢው ታጥቧል፣ ከገመዱም አንድ ጥቅል ከላይ ታስሯል።

«ይህን መቼ አሰናዳሽው?» አላት።

«ማዶ ከመውረዴ በፊት።»

ማዶ መውረዷን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። የሦስቱ ማለዳ ዝምታ ከየት እንደመጣም ገባው። ስልቻውን ከእጇ ተቀበለ።

«ብቻሽን ልትሆኚ ነው» አላት።

«ስድስት ወር ብቻዬን ነበርኩ» አለችው።

ፈንታ በዚያው ቀን ሸለቆውን ተሻግሮ ከአርበኞች ተቀላቀለ። ጠመንጃ መያዝስ አልሆነለትም። ግን የጣሊያን ጦር ከምሽጉ ሲወጣ ከጋራ ጋራ እየተጣራ የሚያስጠነቅቅ ሰው እንደሱ አልተገኘም። ደምለው እየተናደደ ቤቱ መጣ።

«የት ሄደ?»

«ጠበል» አለች ሥራነሽ።

በሚቀጥለው ሳምንትም ጠበል። በሚቀጥለው ወርም ጠበል። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈንታ ጠበል ነበር። «ይህ ጠበል አያልቅም እንዴ?» ቢላት «ጽኑ ጋኔን ነው» ትለዋለች። በየማለዳው ከማዶ የሚሰማውን ድምፅ ሰምቶ ጎረቤቱን «ይህ ደግሞ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ተማክሮ ይሁን ሳይማከር፣ «የገደል ማሚቶ ነው» ይለዋል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ፈንታ በሄደ ማግሥት የነበረውን የመጀመሪያውን ማለዳ ነው። ሥራነሽ ብቻዋን አደረች። መደቡ ባዶ ነው። ዶሮዋም ጫጩቶቿን ይዛ ወጥታለች። እሳት ለማያያዝ ጎንበስ እንዳለች የፈንታ ድምፅ ከማዶ መጣ።

«አድረሻል ወይ?»

ቀጥ ብላ ቆመች። ሴት ልጅ እንዲህ በአገር ፊት አትጮኽም። በዚያ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ ወደሷ ቤት ያያል።

«አድረሻል ወይ?» አለ ሁለተኛ።

እንዳላማው ስንት ማለዳ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠርቶ፣ መልስ አጥቶ ዝም ሲል ሰምታለች። መልስ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ከሷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጭራሮውን ጥላ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ቋጥኙ ላይ ወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው በጭንቅ የሚሰማው ያ ድምፅዋ ሸለቆውን ተሻገረ።

«አድሬያለሁ!» አለች። ትንሽ ትንፋሽ ወስዳ ደግሞ፦ «አንቱስ? አድረዋል ወይ?»